አጠገቤ ሰው ባለመቆሙ ስለተከለከልኩት ጡረታ

ለተከበሩ የጡረታ ጉዳይ ኃላፊ፣

ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ተዘግቶ የሚውለው የቢሮዎ በር በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ፈንጂ አምካኝ የነበርኩ፣ ቀኝ እጄን ሜዳ ላይ ትቼ የተመለስኩ ወታደር ነኝ። ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ጥቂት ዓመት የመጋዘን ጥበቃ ብቻ በመሆኑ የአገልግሎት ዘመኔ ለጡረታ አይሞላም ተብያለሁ። በግዳጅ ላይ ለመቁሰሌ ምስክር ካመጣሁ ግን ጉድለቱ እንደሚታለፍልኝ ስለተነገረኝ፣ ለዚህ ቸርነታችሁ በተረፈኝ እጅ እጅ እነሣለሁ። ያልገቡኝን ነገሮች ደግሞ በትሕትና አቀርባለሁ፦

1ኛ፣ በመስኮቱ ያለችው ጸሐፊ ስቆስል አጠገቤ የቆመ ሰው ይዤ እንድመጣ አዝዛኛለች። ፈንጂ ሲመክን ግን አጠገብ ሰው አይቆምም፤ አንዱ ቢሳሳት ሁለት ሰው እንዳይሞት ተራርቀን እንድንሠራ ያዘዘን ራሱ መንግሥት ነው። ትእዛዙን ጥሼ ጓደኛዬን አጠገቤ አቁሜው ቢሆን ኖሮ ምስክሬን የማመጣላችሁ ከመቃብር ነበር።

2ኛ፣ ከሩቅ አይቶኝ፣ ሮጦ ደርሶ ተሸክሞ ያወጣኝን አሥር አለቃዬን ሳመጣላችሁ፣ ሩቅ ነበር ተብሎ ተመለሰ። ያ ሽማግሌ ደረጃችሁን በከዘራ እየወረደ አለቀሰ፤ እኔም ይዤው በመምጣቴ አፈርኩ።

3ኛ፣ ከቆሰልኩ በኋላ ያለሥራ የቆየሁበት ዘመን በራሴ ፈቃድ እንደሆነ ተመዝግቧል። ያልረገጥኩት ደጅ የለም፤ ከመጋዘኑ በቀር ቀጣሪው ሁሉ ባዶ እጅጌዬን እያየ መለሰኝ።

4ኛ፣ መጠርጠር ነውር ቢሆንም እጠረጥራለሁ። ጸሐፊዋ በመጣሁ ቁጥር ስለ ሕመሜ አጥብቃ ትጠይቀኛለች፣ ወዲያውም ቀጠሮዬን ታርቀዋለች። ጡረታዬ ሳይፈቀድ ብሞት ለባለቤቴ የሚተላለፍ አበል እንደሌለ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። የሰው ልብስ አጥባ ያኖረችኝ ሴት ዛሬ ጉልበቷ ዝሏል፤ ከእኔ በቀር ሰው የላትም። ለመሆኑ የምታጠኑት ፋይሌን ነው ወይስ ዕድሜዬን?

ለማንኛውም ለትዕግሥታችሁ፣ በተለይም በእኔ ዕድሜ ላይ ለምታሳዩት ትዕግሥት ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ እኔም ደጅዎ ላይ እንዳልቀር እየተመኘሁ፣

እንደታዘዘ ብቻውን የቆመው አክባሪዎ፣
የቀድሞው ፈንጂ አምካኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደረቴ ውስጥ የቀረው የፈንጂ ፍንጣሪ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ወደ ልቤ እየተጠጋ መሆኑን ሐኪሜ ነግሮኛል። ከጉዳዮቼ ሁሉ ወደፊት የተራመደ እሱ ብቻ ነው።