አሮጌው ክላስተር ሲዘጋ ማን ይጮሃል?

ረቡዕ

«ሰርዢው» አለኝ ተኽላይ፣ መብራቱን አጥፊው እንደማለት አቅልሎ። እስከ ዓርብ። አለቃዬ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ግን የሚሰርዘው እጅ የእኔ ነው፣ የእሱ አይደለም።

እራት ላይ ባሌ በላይ «ምን ሆነሻል?» አለኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ እዚህ መቐለ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብ ያስተምራል። የእኔን ሥራ ግን ሁሌ እንደ አዲስ ነው የማስረዳው። ገጠር ያሉ ጤና ኬላዎች በታብሌት የመድኃኒት ትዕዛዝ ይልካሉ። ትዕዛዙ ክላውድ ላይ በተከራየነው ክላስተር፣ አንድ ላይ በሚሠሩ ኮምፒውተሮች፣ ገብቶ ይሰለፋል። የመጋዘኑ ፕሮግራም ከዚያ በየተራ እያነሳ መድኃኒቱን ያስጭናል። አሁን አዲስ ክላስተር አቁመን ሁሉንም ወደዚያ አዙረናል፤ አሮጌው ሥራ ፈቶ ቆሟል።

«ታዲያ ምን ያስፈራል?»

አንድ ሰው ሳይዞር ቀርቶ ቢሆንስ? ከተሰረዘ መመለሻ የለውም። የዚያ ሰው ትዕዛዝ የትም አይደርስም፣ መድኃኒቱም አይሄድም።

ሐሙስ

አሮጌው ላይ የሚጽፍ አለ? የለም። የሚያነብስ? የለም። የሳምንቱ ግራፍ ከዜሮ ያልተነሳ ቀጥ ያለ መስመር ነው። የቀሩትን መልእክቶች ገልብጬ ሌላ ማከማቻ ውስጥ አስቀመጥኩ። ደግሜ አረጋገጥኩ። እንደገና ልጀምር ስል በራሴ ሳቅኩ።

ለተኽላይ አንድ ሐሳብ አቀረብኩለት። ከመሰረዛችን በፊት መግቢያውን ብቻ እንዝጋው። የሚጠቀምበት ካለ መላክ ሲያቅተው ይጮሃል፣ እኛም ቶሎ እንከፍትለታለን። ወደደው። «ኣይትፍርሒ» አለኝ ሲወጣ። አትፍሪ ማለት ምን ይከብዳል!

ዓርብ

ዘጋሁት።

ስልኬን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ጠበቅኩ። ለምሳ ያዘዝኩት ሽሮ ቀዘቀዘ። ስልኩ በጠራ ቁጥር ክው እላለሁ፤ አንዴ እናቴ ናት፣ አንዴ የተሳሳተ ቁጥር። ማንም አልጮኸም።

«ርኢኺ ዶ?» አለ ተኽላይ። አየሽ አይደል ማለቱ ነው።

ክላስተሩ በስሕተት እንዳይሰረዝ የሚጠብቀውን መቆለፊያ አነሳሁ። ቀጥሎ ገጹ የክላስተሩን ስም በእጅሽ ጻፊ ይላል፣ የምርሽን እንደሆነ ለማወቅ። ግማሹን ጻፍኩ። ከዚያ አጠፋሁትና «ሰኞ ይሁን» አልኩ። ተኽላይ ፊቱ ጠቆረ፤ ግን እሺ አለ። ፈርቼ ነው፣ በቃ።

ቅዳሜ

ልብስ አጠብኩ። ስልኬን በየደቂቃው አያለሁ። ዝም።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ወደ ሰፈራችን ሓድነት ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ልጃቸው ጋ ይደውላሉ፣ እምቢ ይላል። ይደውላሉ፣ እምቢ ይላል። «ኔትወርክ የለም» አሉና ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። አልተናደዱም። መስኮቱን ማየት ቀጠሉ።

እኛ ጋ መልእክት አልሄድ ሲል ማን ይጮሃል? በጦርነቱ ስልክ ተቆርጦ በከረመበት ጊዜ ለምደነዋል። ያኔ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ድምፃችን ሲጠፋባት አልቀዋል ብላ አልቅሳለች። እኛ ግን ነበርን። ዝም ያልነው ስለሞትን አልነበረም። እኔ ደግሞ ይህን ዝምታ አይቼ ልሰርዘው ነበር!

ስነግረው በላይ «አሁኑኑ ክፈቺዋ» አለኝ። የሚከፈተው ከቢሮ ብቻ ነው፣ ቢሮው ደግሞ እሑድ ዝግ ነው። እንዴት ይነጋል?

ሰኞ

ቢሮ ስደርስ መብራት የለም። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ረፈደ። መግቢያውን ከፈትኩት። ተኽላይ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነው። ቀጥ እንዳለ ነው። ከዚያ ብድግ አለ! ብዙ ትዕዛዝ፣ ሁሉም ከአንድ ታብሌት።

የላኪዋን ስልክ ፈልጌ ደወልኩ። ለተብርሃን ትባላለች፤ ኔትወርክ በማይደርስበት ገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ትዕዛዙን ታብሌቱ ላይ ታጠራቅምና ሰኞ ለገበያ ስትመጣ ከእዳጋ ሰኑይ፣ ከሰኞ ገበያው፣ ትልከዋለች። ባለፈው ሰኞ መኪና አጥታ ቀርታ ነበር፤ ለዚህ ነው የሳምንቱ ግራፍ ላይ ያልታየችኝ። አዲስ ክላስተር መኖሩንም የነገራት የለም።

«ጠዋት እምቢ ብሎኝ ነበር፣ ሓፍተይ» አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው። «ኔትወርክ የለም ብዬ አጠፋሁት። መኪናው እስኪሞላ ደግሜ ልሞክረው ብዬ ነው የከፈትኩት።»

መኪናው ቶሎ ሞልቶ ቢሆንስ? ከትዕዛዞቹ አንዱ የሚጥል በሽታ ላለባት ልጅ ነው። «ያላት ኪኒን የዚህ ሳምንት ብቻ ነው» አለችኝ። መጋዘኑ አሁን ከአሮጌው ስለማያነሳ ትዕዛዙን ራሴ ወደ አዲሱ አሻገርኩት። ነገ ታብሌቱን ይዘሽልኝ ነይ አልኳት።

ማክሰኞ

ለተብርሃን እዚሁ ከተማ ዘመድ ቤት አድራ መጣች። ቀጭን ናት፣ ታብሌቷን በሻሽ ጠቅልላዋለች። ወደ አዲሱ አዞርኩላት። የልጅቷ መድኃኒት ከመጋዘን ወጥቷል፤ ራሷ ይዛው ትሄዳለች። ጥግ ሄጄ ትንሽ አለቀስኩ።

ተኽላይ ሰርዢው አላለኝም። «እስከ መቼ እንጠብቅ?» አለ። በየወረዳው ገበያው እስኪውል፣ ኔትወርክ የሌላቸውን ሁሉ አንድ በአንድ እስክናገኝ አልኩት። መቆለፊያውን መለስኩት። እንደ እሷ ያለ ሌላ ስንት ሰው አለ? አላውቅም።

ለተብርሃን በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ሌላ ጊዜ እምቢ ቢለኝ ልደውልልሽ? አላስቸግርሽም?»

«ጩኺብኝ» አልኳት።

ሳቀች። የቀለድኩ መስሏታል።