እትዬ ጥሩነሽ ያሻሻጡት ቤት

ደባርቅ፣ ሐምሌ 9

እፎይ! ዛሬ አንድ ቤት አሻሻጥኩ። ገበያው ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ድለላውን ትቼ ሌላ ሥራ ፍለጋ ጎንደር ልወርድ ሻንጣዬን ሁሉ ሸክፌ ነበር።

ገዢው ከጃናሞራ የመጡ ቄስ ናቸው። የቤቱ ደጃፍ ስንደርስ፣ "መጀመሪያ ጎረቤት ልጠይቅ" ብለው ግድግዳ የሚጋሩትን የእትዬ ጥሩነሽን በር አንኳኩ። አለቀልኝ አልኩ። እትዬ ጥሩነሽ ሆዳቸው ያለውን አፋቸው አይደብቅም።

እንደፈራሁትም፣ "አባ፣ ጣሪያው ያፈሳል" አሏቸው። "ዝናቡ ሲብስብዎ ግን ልጆቹን ይዘው እኛ ዘንድ ያድራሉ።"

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። "ጣሪያውን አስጠግነዋለሁ። በል ባለቤቱን ጥራልኝ" አሉ። ውስጡን እንኳ አላዩትም!

ሻንጣዬን ፈትቻለሁ። ገበያው ግን ያው ነው። ምነው በየሰፈሩ አንዳንድ እትዬ ጥሩነሽ በኖሩልኝ!