መብራቱን ማን አጠፋው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018፣ ደብረ ማርቆስ

ትናንት ከቁይ ከተማ ስመለስ የአዲሷ ስፖርት መኪናዬ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ (ኩላንት) ማነሱን የሚያሳየው መብራት በራ። ገና ወር ያልሞላት መኪና እንዴት ኩላንት ይጎድላታል? ወዲያው ወንድሜን ይበልጣልን ጠረጠርኩ። ቅዳሜ ቁልፉን ወስዶ ነበር። "ከከተማ አልወጣሁም" ይላል፤ ያን ዕለት ማታ ጎማው ላይ ያየሁት ጭቃ ግን የከተማ አይደለም። ይህቺ መኪና ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው፤ የገጠር መንገድ ድንጋይ አትችልም።

ዛሬ ጠዋት ሞተሩን ሳስነሳ መብራቱ የለም። ይሄ ደግሞ ይባስ አስጠረጠረኝ። ኮፈኑን ስከፍት የኩላንቱ ማጠራቀሚያ ሞልቷል፤ ቀለሙም ፈዟል። ይበልጣልን ላፋጥጠው ስገባ እማዬ በሩ ላይ ያዘችኝ።

"እሱን ተወው፣ እኔ ነኝ። ውሃ ጎደላት ስትል ሰምቼ ከመርጡለ ማርያም ያመጣሁትን ጸበል ጨመርኩላት።"

"ኮፈኑን ማን ከፈተልሽ?"

"ይበልጣል ነዋ።"

መካኒክ ጋ ወስጄ አስደፋዋለሁ ስላት ፊቷ ተለዋወጠ። "ጸበል ሰው በሚረግጠው መሬት ላይ ይደፋል እንዴ?" አለችኝ። ቁልፉን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። ይበልጣል ጥግ ላይ ቁርሱን ይበላል፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

ከሰዓት በኋላ ጎንበስ ብዬ መኪናዋን ከሥር አየሁ። ሳፋ ተቀምጧል። ጸበሉ እንዳይረገጥ እማዬ ያስቀመጠችው ነው። ጠብ ጠብ ይልበታል።

እንግዲህ መኪናዋ እንደምታፈስ ታውቅ ነበር። እኔ ገና ዛሬ ያየሁትን ለእሷ ማን ነገራት?