አራተኛው ሻንጣ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እህቴ ለረህማ ጠይብ
ሙስካት

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ እታለም! እንደምን ከረምሽ? ወገቤን ያመኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ሙጃሂድስ ደህና ነው? ሥራው አልበዛበትም? ትንሹ ልጅሽ ዘከሪያችንስ ጉንፋኑ ለቀቀው? ያስለዋል ካልሽን ወዲህ እማዬ ሰላቷን በጨረሰች ቁጥር ስሙን እየጠራች ዱዓ ታደርግለታለች። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደህና ነን። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም፤ ከብርዱ በቀርም የተረፈን የለም። ደባርቅ በጥር ምን እንደምትመስል ረስተሽ እንደሆነ፣ ጠዋት ውዱእ የምናደርገው የባልዲውን በረዶ ሰብረን ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። የእኛን ቤት ስልክ ታውቂው የለም? ገና ሲጠራ ድምፁ ከፍ ይደረግና የሱቁ ባንኮኒ ላይ ይቀመጣል። አባዬ ይሰማሉ፣ እማዬ ትሰማለች፣ ጨው ሊገዛ የመጣው ገበሬም ቆሞ ይሰማል። ባለፈው ከደወልሽ በኋላ አንድ የማናውቀው ሰውዬ፣ ልጅትዋ ድምፅዋ ደከም ብሏልና አጥሚት ትጠጣ ብሎ እማዬን መክሯት ሄደ። እኔ አሁን የምነግርሽ ነገር ደግሞ ገበያ የሚሰማው አይደለም። እንደ ዕድል የጎረቤታችን የእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ልጅ ሕሊና ገናን ከእናቷ ጋር ውላ ቅዳሜ ወደ ሙስካት ልትመለስ ነው። ደብዳቤውን በእጅሽ እንድትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጉዟችን ልንገርሽ። የላክሽውን ዝርዝር ሩመይሳ ካርቶን ላይ ገልብጣ፣ «ለበረሃ፣ ለባህር፣ ለከተማ» ብላ በትልልቅ ፊደል ከፋፍላ ከሳሙናው መደርደሪያ አጠገብ ለጥፋዋለች። አንቺ ስትሄጂ ገና የምትድኸው ታናሻችን ዛሬ አምስተኛ ክፍል ገብታ ሁላችንንም የምታዘን እሷ ሆናለች። የገባ ደንበኛ ሁሉ ዝርዝሩን ሳያነብ አይወጣም፤ አንብቦም ዝም አይልም።

እማዬ በረሃ ሲባል የምታውቀው ሑመራንና መተማን ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማ ሁለት አጎበርና አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት አዘጋጀች። ሙስካት ወባ የለም ብዬ ብምል ብገዘት አልሰማ አለችኝ። ቀጥዬ «ለበረሃ፦ ሹራብ» የሚለውን ሳነብላት ደግሞ ከት ብላ ሳቀች። በረሃም ሹራብ ከተለበሰማ እዚሁ ደባርቅ ምን አነሰን፣ ልጄ አገሩ ሁሉ ተምታቶባት ነው አለች። አሸዋው ፀሐይ ስትጠልቅ ይቀዘቅዛል ብዬ ባስረዳት ባስረዳት፣ በመጨረሻ አጎበሩንም፣ ሹራቡንም፣ ጋቢውንም ይዘን እንሄዳለን ብላ ነገሩን ዘጋችው።

የባህሩ ነገር የባሰ ነው። እጅጌው ረጅም፣ ራስ የሚሸፍን የዋና ልብስ ብለሽ ፎቶ ልከሽልኝ የለም? ፎቶውን ይዤ ሰፊው ቃለ አብ ዘንድ ሄድኩ። ትንሽ አሰበና ለዚህ የሚያዋጣው የጃንጥላ ጨርቅ ነው አለኝ፤ ውሃ አያስገባማ! ልብሱ አላምርም አላለም፤ ችግሩ ለብሼው ስራመድ እንደ ብስኩት ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ቃለ አብ ደግሞ ለገበያተኛው አንድ በአንድ ነግሮልኛል። አሁን መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ ዋናው እንዴት ነው እያለኝ ያልፋል። እማዬ እንኳ እግሬን ብቻ ነው የማስነካው ብላ ቁርጧን ተናግራለች፤ ባህሩ እንደ ተከዜ በክረምት ይሞላል ወይ ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች።

እማዬ ለከተማው ያለችው ጎንደር ሰው ልካ ያስገዛችው ተረከዝ ያለው ጫማ ነው። በየቀኑ ከሱቁ እስከ ጓዳ፣ ከጓዳ እስከ ሱቁ ትለማመድበታለች፤ እስካሁን ሁለት ጊዜ የስኳር ጆንያ ላይ ወድቃለች። የጉዞ አማካሪያችን እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው። አንድ ጊዜ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ደርሰው ስለተመለሱ የማያውቁት የለም። አውሮፕላኑ ሲነሳ ጆሮ ስለሚደፍን ቆሎ መቆርጠም ነው መድኃኒቱ ብለውን፣ ሩመይሳ ለአራት ሰው የሚሆን ቆሎ አስቆልታ በየኪሱ የሚገባ አድርጋ ቋጥራለች።

ለአራት ሰው አልኩሽ አይደል? እንግዲህ በስልክ ልነግርሽ ወዳልቻልኩት ነገር መጣሁ።

እታለም፣ አባዬ አልሄድም ብለው ነበር። ካንቺ ስንደብቅ ሦስት ሳምንት ሆነን። ትኬቱን ልከሽ፣ ቪዛው በስማቸው ወጥቶ፣ ፓስፖርታቸውንም ጎንደር ወርደው አውጥተው፣ እኔ ግን አልሄድም አሉ። ታዲያ ፓስፖርቱን ለምን አወጡት ስንላቸው መታወቂያዬ ስላረጀ ነው አሉን። ሱቁን ማን ይከፍታል አሉ፤ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ እኔ አለሁ አሉ። በቅሎዋን ማን ያበላል አሉ፤ አብሯቸው ሲጭን የኖረው ክንዴ እኔ ጋ ትክረም አለ። ሰበቡ ሁሉ ሲያልቅባቸው ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ጥግ ያዙ።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ትምህርትሽን ትተሽ ዐረብ አገር እሄዳለሁ ያልሽ ጊዜ የተነሳው ነገር ነው። የሄድሽ ዕለት ጠዋት በቅሎዎቹን ጭነው፣ ሳይሰናበቱሽ ወደ ደረስጌ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ዘጠኝ ዓመት፣ በስልክ እንኳ ደህና ነሽ፣ አልሐምዱሊላህ ብለው ለእማዬ ከማቀበል አልፈው አያውቁም። አንቺ ባለፈው ረመዳን፣ አባዬ ዛሬም ያፍሩብኛል ወይ ብለሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። እሳቸው ካልመጡ የቀራችሁት መምጣታችሁ ለእኔ ግማሽ ደስታ ነው ያልሽውንም አልረሳሁትም። ያን ጊዜ ስልኩ ተቋረጠብኝ ብዬ ዋሽቼሻለሁ፤ ይቅር በይኝ።

ሰኞ ዕለት እማዬ ዘዴ አመጣች። አባዬ አርባ ዓመት ሙሉ ጨውና ጨርቅ በበቅሎ እየጫኑ ስሜንን የወጡ የወረዱ ሰው አይደሉ? ያጋደለ ጭነት ካዩ የማያውቁት ሰው በቅሎ እንኳ ቢሆን አስቁመው ሳያስተካክሉ አያልፉም። ስለዚህ ሻንጣዎቹን ጓዳ ሳይሆን አባታችሁ ፊት፣ ሱቁ መሀል እናሰናዳ አለች፤ ያውም እንዳይሆን እንዳይሆን አድርገን።

እኔና ሩመይሳ ጨክነን ገባንበት። ሽሮውንና በርበሬውን ባንድ ወገን ቆለልነው። ጫማዎቹን የእማዬ አዲስ ቀሚስ ላይ ጣልናቸው። አባዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አጎበሩን እንደ ኳስ ጠቅልለን በጉልበታችን ስንረግጠው ሙስበሃቸውን አስቀመጡ። የማሩን ጠርሙስ ምንም ሳንጠቀልል ዳር ላይ ሳቆመው ግን አላስቻላቸውም፤ ዞር በሉ ብለውን ካፖርታቸውን አወለቁና ሦስቱንም ሻንጣ ወለሉ ላይ ገለበጡት።

እታለም፣ ብታያቸው! ከባዱን ወደ ጎማው፣ ቀላሉን ወደ ላይ፣ ማሩን በሁለት ጨርቅ መሀል፣ እያንዳንዱን ነገር ቦታ ቦታ ሰጡት። አጎበሩን ይሄ ለሑመራ ነው ብለው አወጡት። እማዬ ሆን ብላ ሹራቡንም ይቀነስ፣ ለበረሃ ምን ይሠራል አለች። አባዬ ቀና ብለው አዩዋትና፣ ሜዳ ላይ ያደረ ሰው ያውቀዋል፣ ወና አገር ሙቀት አይዝም፣ ረህማ ልክ ናት አሉ። ረህማ ልክ ናት! እማዬ ወደ እኔ ዞረች፣ እኔ ወደ ሩመይሳ።

ከዚያ ሁለቱን ሻንጣ በግራና በቀኝ አንጠልጥለው፣ ይሄኛው በሁለት ኪሎ ይበልጣል አሉ። በሱቁ ሚዛን ብንመዝነው ሁለት ኪሎ! አመጣጥነው ሁለቱንም ልክ ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሦስት አደረጓቸው። ሦስተኛውን አነሱና ቆሙ። ቀኝ እጃቸው ላይ ሻንጣ አለ፣ ግራ እጃቸው ባዶ ነው። አባዬ ከዚህ ቤት ባንድ ጎን ጭነት ወጥተው አያውቁም። ሦስት ነገር ጭነት አይባልም፣ አራተኛውን አምጡት አሉ። እኔም፣ አውሮፕላን ባለቤቱ የሌለ ሻንጣ አይጭንም፣ አራተኛ ሻንጣ ከፈለጉ አራተኛ ሰው ያስፈልጋል አልኳቸው።

በር ላይ ቆመው ሲያዩን የነበሩት እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ እንኳ፣ ካወቅኋቸው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። አባዬ ሻንጣውን ቀስ ብለው አስቀመጡትና ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ያንን የገበያ ሸራ ቦርሳቸውን ይዘዋል። ሁለት ሸሚዝ፣ የዒዱን ጀለቢያ፣ መስገጃቸውን ከተቱበት፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ከሽሮው ግማሹን ወዲህ በሉት አሉን። ዚፑ አላስተማመናቸውም መሰለኝ፣ በላዩ ላይ በመጫኛ ጠፍር አድርገው አሰሩት። እማዬ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ነው ብዬ ብከተላት አፏን በነጠላዋ ይዛ እየሳቀች ነው፤ ቀረብ ስል ግን እንባዋም ይወርዳል።

ይህ የሰኞው ነው። ዛሬ ደግሞ ይህን ደብዳቤ ስጀምር አባዬ ለማን ነው አሉኝ። ለረህማ ስላቸው ከፊቴ ተቀመጡ። እንደዚህ ብለሽ ጻፊላት ያሉኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልሽ።

የሄድሽ ዕለት ደረስጌ አልሄዱም እታለም። ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ አላለፉም። በቅሎዎቹን ከነጭነታቸው አቁመው፣ አውቶቡስሽ ከመናኸሪያ ሲወጣ፣ ወደ ዳባት ሲወርድና ሲታጠፍ፣ አቧራው እስኪጠፋ ድረስ ተቀምጠው አይተውታል። ከዚያ ተመለሱና በቅሎዋ አነከሰች ብለው አወሩ። እኔ ያን ጊዜ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሣር ልሰጣት ሄጄ እግሯን አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ ምንም አልነበረባትም። ያኔም አልጠየቅኋቸው፣ ከዚያም ወዲህ አልጠየቅኋቸውም። ተቆጥቼባት አይደለም አሉኝ ዛሬ። ልሰናበታት ብቀርብ ሰው ፊት ከአውቶቡሱ አወርዳት ነበር፣ እጄን ስላላመንኩት ሸሸሁ አሉ። አፍሬ የኖርኩትም በራሴ እንጂ በእሷ አይደለም በያት አሉኝ። አሁን ለምን በስልክ አይነግሯትም ብላቸው፣ ሳንደርስ በፊት ይድረሳት፣ ፊቷን ካየሁ በኋላ ስለ ሻንጣ እንጂ ስለ ሌላ ማውራት አልችልም አሉና ተነስተው ለበቅሎዋ ገብስ ሊያቀርቡ ሄዱ።

ስለዚህ ኤርፖርት ላይ ሰላም ሳይሉሽ በፊት ስለ ኪሎና ስለ ጠፍሩ አሠራር ቢያወሩሽ እንዳይከፋሽ። አውሪያቸው፤ ጠይቂያቸው። ቦርሳቸውን ልቀበል ብለሽ አትታገያቸው፣ አይሰጡሽም። በነገራችን ላይ ለዘከሪያ ዐረብኛ እየተለማመዱ ነው። የሚያውቁት የቁርአኑን ዐረብኛ ስለሆነ ሩመይሳ፣ ልጁ ኢማም የመጣበት እንዳይመስለው እያለች ትስቅባቸዋለች።

መንገዱ ሰላም ከሆነ እሑድ ጥር 17 በሚኒባስ ተነስተን፣ በዳባትና በኮሶዬ አልፈን ጎንደር እናድራለን። በማግስቱ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ እናንተ። ረመዳን ሳይገባ ደግሞ እንመለሳለን ኢንሻ አላህ።

ሙጃሂድን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ። ዘከሪያን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ቆሎው እየመጣለት ነው በይው። እማዬ እስክንገናኝ ራስሽን ጠብቂ፣ ከባድ ነገር አታንሺ ትልሻለች። ሩመይሳ ባህሩን ከእኔ በፊት እንዳታሳዪአቸው ብላሻለች። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ሕሊናን አደራ፣ ብቻዋን አትተያት ይሉሻል። ክንዴም ሰላም ብሎሻል። ቃለ አብ የዋናው ልብስ ውሃ ካስገባ ገንዘብሽን እመልሳለሁ ብሏል፤ ከደባርቅ ሙስካት ድረስ ማን እንደሚከሰው እንጃ።

የአባዬን ሰላምታ ግን አልጽፍልሽም። እሱን ራሳቸው ይዘውልሽ ይመጣሉ።

ታናሽ እህትሽ
ሰልሰቢል ጠይብ
ደባርቅ፣ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.