ሠላሳ ስምንቱ ነጭ ልብሶች እስከ ቅዳሜ ከሳቫዪ እንዲመለሱ የቀረበ ልመና

ይድረስ ለፋሌሉአ መንደር ታላቅ አለቃ፣ የሸንጎው አንደበት ለሆኑት ለክቡር ሌሞአና፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንደበረታ፣ ወገብዎ እንደተሻለው፣ ከወንድምዎ ቀብር ወዲህ አጥተውት የነበረው እንቅልፍም እንደተመለሰልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔን ጤና ለሚጠይቅ ሰው፣ እንቅልፍ ከቤቴ ከወጣ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው፤ ምናልባት ከልብሶቹ ጋር ተጠቅልሎ በስህተት ወደ እርስዎ ዘንድ ሄዶ ከሆነ አብረው ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ይህን የምጽፈው በስልክ የልጆች ልብስ የምሸጠው ታውሳጋ ነኝ። በገዛ እጄ ነው፤ ማንም አላገዘኝም። በፓስተሩ ቤት የማታ ትምህርት ከጀመርን አሥራ አንድ ወራችን ሲሆን፣ ከአሥራ አራት ተማሪዎች አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሁለተኛ የወጣችው ሎሳ ትመስክር፣ ባትመሰክርም ውጤቱ ተለጥፏል። ትምህርቱ በተከፈተ ሰሞን እርስዎ በሸንጎው ፊት "ታውሳጋ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ማንበብ ከቻለ የእኔ አሳማ በመዘምራን መካከል ይዘምራል" ብለው ሁሉን እንዳሳቁ አልረሳሁም። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። የዚህ ደብዳቤ አንዱ ቅጂ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ ሌላው በስልክ ሱቄ ገጽ ላይ ስለሚለጠፍ፣ አሳማው ከወዲሁ ልምምድ ቢጀምር መልካም ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የፊታችን እሑድ የልጆች እሑድ ነው። ዛሬ ሰኞ ነው። የመንደራችን ሠላሳ ስምንት ልጆች ነጭ ለብሰው፣ በቤተ ክርስቲያን ፊት ቆመው፣ ለሁለት ወር የሸመደዱትን ጥቅስ የሚሉበት፣ ከዚያም እኛ ትልልቆቹ ቆመን እነሱን የምናበላበት ቀን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው። ስድስት ቀን ቀርቶናል፤ ልብሳቸው ግን እርስዎ ከማንም በላይ እንደሚያውቁት ባሕር ተሻግሮ ሳቫዪ ደሴት ነው። ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን፣ ሁለቱን ለመለየት ስለተቸገርኩ፣ በአንድ ላይ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዕቃ ማከማቸትን ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ልብሱን የሚሰፋልኝ ፋብሪካ ያለው ቻይና ነው። በኦክቶበር መጀመሪያ ለአገራቸው በዓል ስምንት ቀን ይዘጋሉ፤ ከመዝጋታቸው በፊትም ሁለት ሳምንት አዲስ ትዕዛዝ በእጃቸው አይነኩም። የእኛ የልጆች እሑድ ደግሞ በየዓመቱ እዚያው ላይ ይወድቃል። አምና ይህን ሳላውቅ ተዋርጃለሁ። ዘንድሮ ግን ደብተር ገዝቼ፣ በማስመሪያ አስምሬ፣ ቻይናዎቹ መቼ እንደሚዘጉ፣ ሌላ ዕቃ የምገዛበት የኒውዚላንዱ ጅምላ ሻጭ ለገና መቼ ዘግቶ መቼ እንደሚከፍት፣ መርከቡ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ የአውሎ ነፋሱ ወራት መቼ እንደሚገባ ጻፍኩ። በጁላይ አዘዝኩ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ልብሶቹ ደረሱ፤ በእያንዳንዱ ኮሌታ ውስጥ የየልጁን ስም በማይለቅ ቀለም ራሴ ጻፍኩ፤ አንድም ፊደል አልሳትኩም። ያ ደብተር ለዝናብ ቦታ አለው፤ ለመርከብ ብልሽት ቦታ አለው፤ ለአለቃ ግን ቦታ አልነበረውም። ይህን ጉድለቴን እርስዎ አሳዩኝ፤ አሁን ከቻይና በዓል በላይ፣ በትልቁ ተጽፈዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ አወሳሰዱ ጨዋነት። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የተጀመረው ከእኔ አፍ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት እሑድ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ቻይና ቢዘጋ፣ መርከብ ቢሰጥም፣ ታውሳጋ ቤት ልብስ አለ!" ብዬ ፎከርኩ። እርስዎም ሰሙ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ የወንድምዎ ሐዘን ደጅዎ ላይ ሳለ በፒክአፕ መጥተው "ታውሳጋ ወንድሜ፣ ከሳቫዪ የመጡት የአማቾቼ ልጆች በቀብሩ ላይ በነጭ መሰለፍ አለባቸው። አለ ብለሃል፤ እንግዲህ አውጣው" አሉኝ። እኔም "ክቡር ሆይ፣ የልጆቹ ስም ተጽፎበታል" ብል፣ "ሟች ኮሌታ አያነብም" ብለው መለሱልኝ። ቀጥለውም "ሱቅህ ያለው ስልክህ ውስጥ አይደለም እንዴ? ስልክ መቼ ባዶ ይሆናል? ነገ ሌላ ታዛለህ" አሉ። ሐዘንተኛን፣ ያውም አለቃን፣ የለም ማለት በአገራችን እንዴት እንደሚባል የማታ ትምህርቱ አላስተማረኝም። ካርቶኖቹን ተሸክሜ ፒክአፑ ላይ የጫንኩት እኔው ነኝ። ዋጋ አልጠየቅኩም፤ ዛሬም አልጠይቅም።

ሦስተኛ፣ "ነገ ታዛለህ" ስላሉኝ ምክር። በማግስቱ አዘዝኩ። የፋብሪካዋ ተጠሪ ወይዘሮ ሉ የመለሰችልኝን በስልኬ አስተርጉሜ እንዲህ አነበብኩት፦ "ወንድም ታውሳጋ፣ ሰፊዎቹ የባቡር ትኬታቸውን በኪሳቸው ይዘው ዓይናቸው በሩ ላይ ነው። እኔም እናቴን ካየሁ ዓመት ሞላኝ። ከበዓሉ በኋላ የፈለግከውን እሰፋልሃለሁ፤ አሁን ግን በእግዜር አትለምነኝ፤ እምቢ ማለት ያሳፍረኛል።" በእሷ አልፈርድም፤ መዝጊያዋን ከስድስት ወር በፊት ነግራኛለች። እናቷም እናት ናት። ከዚያ ዋና ከተማ አፒያ ወርጄ ሰባት ሱቅ ዞርኩ፤ ነጭ የልጅ ልብስ የሚባል የለም፤ አንዲት ሻጭ "አባባ፣ በኦክቶበር ነው እንዴ የሚፈለገው?" ብላ ከራሴ ደብተር ሰበከችኝ። ባለቤቴ ቲሬሳ ያሉንን ሁለት ነጭ አንሶላዎች ቀድዳ አራት ቀሚስ ሰፍታለች። መጋረጃዎቻችን ሁሉ አበባ ያለባቸው ናቸው፤ ሠላሳ አራት ልጆች ቀርተዋል። አሁን እኔና እሷ በምንጣፍ ላይ ብቻ እንተኛለን፤ ለወገብ ጥሩ ነው ይባላል።

አራተኛ፣ ስለ ቸርነትዎ። ከቀብሩ በኋላ ልብሶቹ ታጥበው ይመለሳሉ ብዬ፣ ገመድ ሳይቀር በጓሮዬ ወጥሬ ጠበቅኩ። እርስዎ ግን ለአማቾችዎ በሚገባው ክብር፣ ለሐዘን እንግዳ ከሚሰጠው የጣሳ ዓሣና ምንጣፍ ጋር ሠላሳ ስምንቱንም አሸክመው ሸኟቸው። መስጠት የሚያምርበት እጅ እንዳለዎት መላው ደሴታችን ኡፖሉ ያውቃል። የሚያሳስበኝ እዚያ ሳቫዪ ውስጥ፣ ኮሌታቸው ላይ የእኛ ልጆች ስም የተጻፈባቸው ልጆች እናታቸው ስትጠራቸው በየትኛው ስም አቤት እንደሚሉ ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ ያለፈው ቅዳሜ አዋጅ። ሸንጎው በእርስዎ አንደበት "በልጆች እሑድ ነጭ ሳይለብስ የሚታይ ልጅ ካለ፣ ወላጆቹ አንድ አሳማ ይቀጣሉ" ብሎ አውጇል። ሥርዓት መከበሩን እደግፋለሁ። ነገር ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በመንደሩ ውስጥ መራመድ አልቻልኩም። ዛሬ ጧት ሎሳ፣ ሦስት የልጅ ልጆቿ ከሠላሳ ስምንቱ ውስጥ ያሉባት፣ አውቶቡስ ውስጥ በሰው ፊት "እስቲ ታውሳጋ፣ ስልክህን ገልብጠህ አራግፈው! ሱቁ እዚያ ውስጥ አይደል? ማን ያውቃል፣ አንድ ቀሚስ ይወድቅ ይሆናል!" አለችኝ። አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ፤ ሹፌሩ ሳይቀር ዞሮ ሳቀብኝ። ከአውቶቡሱ ስንወርድ ግን ክንዴን ያዘችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "በእውነት ግን ወንድሜ፣ ልጆቹን ምን ልበላቸው?" አለችኝ። አንደኛ የወጣሁት እኔ ቤቴ ገብቼ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

ክቡር ሆይ፣ ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፤ ቀልዱም እያለቀብኝ ነው።

የተሰጠ ስጦታን መልሱልኝ ማለት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ሄጄ ብጠይቅ ከደጅ ይመልሱኛል፤ መመለሳቸውም ተገቢ ነው። በማዕረግ አቻቸው የሆነ፣ የንግግር በትሩን ይዞ ቆሞ በሚገባው ንግግር የሚጠይቃቸው ሰው ግን እምቢ አይባልም፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በፋሌሉአ አንድ ብቻ ነው። ረቡዕ ጧት ጀልባ አለ። ባዶ እጅዎን ሄደው አንገትዎን እንዳይደፉ፣ ቲሬሳ ከእናቷ የወረሰችውን፣ በአገራችን ከስጦታ ሁሉ የሚከበረውን ደቃቅ ሽመና ምንጣፍ ከሣጥኗ አውጥታ፣ አጣጥፋ፣ በራፋችን ላይ አስቀምጣለች። ለሠርጋችን እንኳን አልተዘረጋም ነበር። ይውሰዱት፤ በልብሶቹ ምትክ ይስጡት፤ ቸርነቱም በእርስዎ ስም ይነገር፤ እኔ ከዚህ ደብዳቤ ሌላ አንድ ቃል አልተነፍስም። ሐሙስ ቢመለሱ ዓርብ ይታጠባል፣ ቅዳሜ ይተኮሳል። የጀልባውንም ሰዓት በደብተሬ ጽፌዋለሁ፤ ጧት በሁለት ሰዓት ነው። እባክዎ አይዘግዩ።

ለሸንጎው ረጅም ዕድሜን፣ ለበትርዎ ጥንካሬን፣ ለባሕሩም እስከ ሐሙስ ድረስ ጸጥታን እየተመኘሁ፣ እስከ አምና ድረስ በአውራ ጣቱ ይፈርም የነበረው፣ ዛሬ ግን ስሙን ሙሉ ጽፎ የፈረመው፣ ፊትዎን ለማየት የሚያፍር እጅዎን ግን የሚጠብቅ ትሑት አገልጋይዎ፣

ታውሳጋ ሴኡሊ
ፋሌሉአ፣ ሰኞ ኦክቶበር አምስት

ከፊርማው በኋላ የታወሰኝ፦ ከሠላሳ ስምንቱ ልብሶች ትንሿ፣ የአምስት ዓመት ልክ የሆነችው፣ ኮሌታዋ ላይ "ላጊ" ተብሎ የተጻፈባት ነበረች። አዎን፣ የእርስዎ የልጅ ልጅ ላጊ። ጥቅሷን ከሁሉም ልጆች ቀድማ ሸምድዳለች። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እጄን ጎትታ "አባባ ታውሳጋ፣ ነጭ ካልለበስኩ አያቴ አባቴን ይቀጣዋል?" ብላ ጠየቀችኝ። እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ የሸንጎ ሰው እንጂ ልብስ ሻጭ ስላልሆነ፣ ወደ እርስዎ ልኬያታለሁ፤ ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ደጅዎ ላይ ያገኟታል።