ሰፊው የጽሕፈት ጠረጴዛ

ይድረስ ግንባር ላለው ልጄ ለአክሊሉ፤ እንደምን ሰነበትክ? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

የወንድምህ የሸዋንግዛው መርዶ የደረሰኝ ዕለት፣ አብራችሁ በእጅ እየጻፋችሁ ትገለብጡት የነበረውን የብራና ዳዊት በነጠላዬ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ዋናውን መጽሐፍ እሱ ይይዝልህ፣ አንተ አንገትህን አስግገህ ትጽፍ ነበር። «አንገትህ የሰጎን ሆነ እኮ!» እያለ ሲስቅብህ አሁንም ይሰማኛል።

ደብረ ብርሃን ሄጄ ጠረጴዛ ገዛሁልህ። አናጢው «እማማ፣ ለአንድ ጸሐፊ ጠባቡ ይበቃል፤ ዋጋውም ይቀላል» አለኝ። እኔ ግን እግሩ የተጠገነውን ሰፊውን በጠባቡ ዋጋ ወሰድኩ። ዋናውና ግልባጩ ጎን ለጎን ይዘረጉበታል፤ የሚይዝልህ ሰው አያስፈልግህም።

ከፋሲካ ወዲህ ደብዳቤህ አልመጣም፤ መንገዱ ይሆናል። ስምህን ብቻ ጻፍልኝ፤ የእጅህን ጽሕፈት አውቀዋለሁ።

እናትህ ወለተ ሥላሴ፣ ከአንኮበር።

በእሱ ፈንታ ይህን የምታነቡ ጓደኞቹ፣ ሸዋንግዛውን በሙታን ጸሎት አስቡልኝ። የክርስትና ስሙ ወልደተንሣኤ ነው። የአክሊሉን ግን አልጽፍላችሁም።