የጃክ ሞርተን የመደብ አመጣጥ

ጅማ፣ ጥር 14 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ የሊሙ ብርድ እንዳልበረታብህ፣ ያ ያስቸገረህ ጉልበትህም እንደተሻለህ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በጣም ደኅና ነኝ። እናትህም ደኅና ናቸው፤ ዓይናቸው ብቻ ትንሽ ደክሟል፤ መርፌያቸው ላይ ክር የማስገባላቸው እኔ ነኝ። በየቀኑ "ይበላል?" ይሉኛል። "ይበላል" እላቸዋለሁ። እውነቱን አንተ ጻፍልኝ።

ይህን የሚያደርስልህ የቡና መኪና ሾፌሩ አባቦራ ነው። እዚያ በምን ስም እንደሚጠሩህ እሱ ነግሮኛል፤ ፖስታው ላይ ግን ምንም አልጻፍኩም። ወሬ የማያበዛ ሰው ስለሆነ ሻይ ብትጋብዘው አይከፋም።

አሁን ወደ ሲኒማ ቤታችን ወሬ ልግባ። አምስት ዓመት ማሽኑን ያዞርክበት አዳራሽ ባለፈው ወር የቡና መጋዘን ከመሆን ለጥቂት ተርፏል። ያዳነው ደግሞ አንድ የጣሊያን ፀጉር አስተካካይ ልጅ ነው። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

በአንተ ቦታ የተተካው ገመቹ ጥሩ ልጅ ነው፤ ነገር ግን የፊልም ጥቅል ይቀላቀልበታል። ሰኔ ላይ ሦስተኛውን ጥቅል ከሁለተኛው አስቀድሞ አሳየ። በጥይት ተመትቶ የተቀበረው ወንበዴ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተቀምጦ ወይን ሲጠጣ ታየ። እኔ እንደ ድሮው ከመጋረጃው ጎን ማይክሮፎን ይዤ፣ የሚሲዮኑ መነኮሳት ባስተማሩኝ ጣሊያንኛ የገባኝን በአማርኛና በኦሮምኛ እመልሳለሁ። አዳራሹ በሙሉ "ማል ጄዴ? ማል ጄዴ?" እያለ ወደ እኔ ዞረ። ምን እንዳለማ እኔም አላወቅኩም። "ይኸኛው መንትያ ወንድሙ ነው" አልኩ። በኦሮምኛም ደገምኩት። ሲወጡ አንድ ሽማግሌ፣ "መንትያውም እንደ ወንድሙ ክፉ ነበር፤ ዘር አይለቅም" ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ስሕተት በተፈጠረ ቁጥር ሰዉ ራሱ "መንትያው መጣ" ይላል።

በዚህ መሐል ከፈለ የሚባል ካድሬ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የባህል ኮሚቴያችን ውስጥ ገባ። ገና ወጣት ነው፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ክፉ ሰው ግን አይደለም። በመጀመሪያው ስብሰባ የካውቦይ ፊልም የአሜሪካ ኢምፔሪያሊዝም መርዝ ነው አለ። ዘንድሮ ደግሞ ቡናው ብዙ ነው፤ ማስቀመጫ ጠፍቷል፤ ስለዚህ አዳራሹ መጋዘን ይሁን አለ። እኔ ቃለ ጉባኤ የምይዝ ስለሆንኩ መናገር አልነበረብኝም። ተናገርኩ። እነዚህ ፊልሞች የአሜሪካ አይደሉም፤ ጣሊያኖች ስፔን ሄደው የሠሯቸው ናቸው አልኩ።

ከፈለ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበበ። "አዘጋጅ፣ ጃክ ሞርተን። ድርሰት፣ ፍራንክ ዊሎው። ጓዶች፣ ይህ የጣሊያን ስም ነው?" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አዳራሹ ከተዘጋ ሥራዬም አብሮ ይዘጋል፤ አንተ የምትመለስበትም ቦታ አይኖርም።

ሊቀ መንበሩን ነጋሳን ታውቃቸዋለህ፤ ሁሉን ነገር በወረቀት መጨረስ ይወዳሉ። "እንግዲያው እንደ ማንኛውም ሰው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ይሞላላቸው" አሉ። ያ አራት ገጹ ቅጽ ነው፤ አንተም ሞልተኸዋል። ሙሉ ስም፣ ሌላ ስም ካለ፣ የመደብ አመጣጥ፣ የኖረበትና የሠራበት። ለጃክ ሞርተንና ለፍራንክ ዊሎው አንዳንድ ቅጽ ተሰጠኝ፤ ጊዜው ሁለት ሳምንት። ኮሚቴው ካላመነበት በማግስቱ ቡና ይገባል።

ጊንጆ ሰፈር ወደ ጣሊያኑ ወደ ሙሴ ኤንሪኮ ጋራዥ ሄድኩ። ሽማግሌው አሁንም የቡና መፈልፈያ ማሽን ይጠግናል። ቅጹን ሳሳየው ሳቀ፣ ሳቀ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ፣ "ፍራንክ ዊሎው እኮ የእህቴ ባል ነው" አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ለምን እንዳልነገረን ስጠይቀው፣ "ማን ጠየቀኝ?" አለ።

ትክክለኛ ስሙ ኦሬስቴ ካልዳና ነው። ሮም ውስጥ በወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አሥራ ዘጠኝ የካውቦይ ፊልም ጽፏል፤ አሜሪካን አንድ ቀን እንኳ አላያትም። አንዱን ጽፎ የሚጨርሰው በሦስት ሳምንት ነው፤ ሚስቱ ራት የምታቀርበው ወረቀቱን ሰብስባ ነው። ጃክ ሞርተን ደግሞ ጃኮሞ ፔራሶ ይባላል። አባቱ ፀጉር አስተካካይ፣ እናቱ ልብስ አጣቢ። በአሥራ አምስት ዓመቱ ፊልም የሚነሣበት ቦታ ገብቶ መብራት ተሸከመ። ከዚያ ጎራዴ የያዙ የጥንት ጀግኖች ፊልም ላይ ረዳት ሆነ። ሕዝቡ ጎራዴው ሲሰለቸው ያንኑ ፈረስና ያንኑ ሠራተኛ ይዘው፣ ልብሱን ብቻ ቀይረው ወደ ካውቦይ ዞሩ። ባለገንዘቦቹ ግን "ጣሊያን ስለ ካውቦይ ምን ያውቃል ተብሎ ሰው አይገባልንም" አሉ። ስለዚህ ፔራሶ ሞርተን ሆነ። እሱ ብቻ አይደለም፤ ካሜራ የያዘውም፣ ዘፈኑን የሠራውም እንዲሁ።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለአንተ። የተዋናዮቹ አፍና ድምፁ አልገጥም ሲልህ ማሽኑን ስንት ቀን ፈታተህ እንደ ገጠምከው አስታውሳለሁ። ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም። ፊልሙ ሲነሣ ስፔናዊው በስፓኒሽ፣ ጀርመኑ በጀርመንኛ፣ ጣሊያኑ በጣሊያንኛ ነው የሚናገረው፤ ድምፁ በኋላ ሮም ላይ ይገባል። ኤንሪኮ ይህን ሲነግረኝ አንተ ወለሉ ላይ ብሎን ስትፈልግ ታየኸኝ፤ ብቻዬን ሳቅሁ።

ዋናውን ላስቀረው ነበር። ያ የሐሰት ሚዛን ያለው ነጋዴ ፊልም ትዝ ይልሃል? ገበሬዎቹ ድንጋዩን ከሚዛኑ ሥር አውጥተው በአደባባይ የሚያሳዩበት? ያን ኤንሪኮ ነው ለአማቹ በደብዳቤ የጻፈለት። አጋሮ ላይ በዓይኑ ያየው የቡና ነጋዴ ነው። ኦሬስቴ ቡናውን ጥጥ አደረገው፤ የአጋሮን ገበያ ሜክሲኮ አደረገው። ሰዉ ያን ፊልም ሲያይ "ይህን ሰው አውቀዋለሁ" ይል የነበረው ለካ ያውቀው ኖሯል።

ሁለቱንም ቅጽ ሞላሁ። ፔራሶ ዛሬ ምን ይሠራል ለሚለው፣ ካውቦዩ ሲያልቅበት የፖሊስ ፊልም ሠርቶ፣ እሱም ሲያልቅበት የሳሙና ማስታወቂያ እያነሣ ይኖራል ብዬ ጻፍኩ። ኤንሪኮ እንደ ምስክር ፈረመ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ። የሚዛኑን ታሪክ አነበብኩ። የሴቶች ማኅበሯ ዙህራ፣ "ወላሂ የአባቴን ቡና የመዘነው እሱ ነው" አለች። ድል ያደረግን መሰለኝ። ከፈለ ግን ጣቱን ቅጹ ላይ አሳረፈ፤ "ሌላ ስም ካለ" የሚለው ላይ።

"አመጣጡ ጥሩ ነው እንበል። ስሙን ለምን ለወጠ?" አለ። "ስሙን የሚለውጥ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው።"

ብዕሬ ቆመ። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሰባት ሰዎች ስድስቱ አንተን ያውቁሃል፤ ያን ጠዋት ስምህ ከሚፈለጉ ሰዎች ዝርዝር ላይ ሲነበብም ሰምተዋል። ዝርዝሩን ያነበቡት ዛሬ የሉም፤ አንተ ግን አሁንም አልመጣህም።

ነጋሳ መነጽራቸውን አወለቁ። "ጓድ ከፈለ፣ እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ መምህሩ ነጋሳ የሚለው ስም ስላላማራቸው ኃይለ ሚካኤል ብለው መዘገቡኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ኃይለ ሚካኤል ሲሉኝ አቤት እል ነበር። ምን ደበቅሁ?" አሉ።

ዙህራ ቀጠለች። "እኔ አልማዝ ነበርኩ። ወንድሜ አብዱልፈታሕ ደግሞ ተስፋዬ። ቤት ስንደርስ ዙህራ ነን፣ አብዱልፈታሕ ነን። በር ላይ ጫማችንን ስናወልቅ ስሙንም እናወልቀው ነበር።"

ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ የየትምህርት ቤት ስማቸውን ማውጣት ጀመሩ፤ ለአሥር ደቂቃ ያህል ስብሰባው ሠርግ ቤት መሰለ። በመጨረሻ ከፈለ የአንገቱን ቁልፍ ፈታ። ቀስ ብሎ፣ "እናቴ ከፈለ ብላኝ አታውቅም። ቤት ውስጥ ማንደፍሮ ነኝ" አለ። ዙህራ ወዲያው፣ "ታዲያ ማንደፍሮ፣ ቡናውን የት እናስቀምጠው?" አለችው። የድሮው የወፍጮ ቤት ተመረጠ።

ነጋሳ ውሳኔውን ያጽፉኝ ጀመር። የካውቦይ ፊልም ቅዳሜና እሑድ ይታያል። ከፊልሙ በፊት የሠሩት ሰዎች የሕይወት ታሪክ ለሕዝብ ይነበባል፤ አንባቢዋ እኔ ነኝ። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ "ለእንጀራው ሲል ስሙን የለወጠ ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ አይጠየቅም።" ጽፌ ነጥቡን ላደርግ ስል፣ "ቆዪ፣ አልጨረስኩም" አሉኝ። "ለእንጀራው ወይም ለደኅንነቱ ሲል፣ በይ።"

ከፈለ ቀና አለ። "ጃክ ሞርተን ደግሞ ደኅንነቱን ምን ነካው?" አለ።

"ስፔን በረሃ ነው አሉ። እባብ አይጠፋም" አሉ ነጋሳ። ይህን ሲሉ የሚያዩት ከፈለን አልነበረም።

ሁሉም እጁን አወጣ፤ ከፈለም ጭምር። በሁለት ቅጂ ተጽፎ ማኅተም ተመታበት። ነጋሳ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ ብለው አንዱን ቅጂ ለእኔ ሰጡኝ። በር ላይ ስንለያይ፣ "ይህን የገመቹን መንትያ እስከ መቼ ስንቀብር እንኖራለን? ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል፤ በየትኛውም ስም ቢመጣ" ብለውኝ ወደ ሰፈራቸው ወደ ጊንጆ ጉዱሩ አቀኑ።

ያ ቅጂ ከዚህ ጋር ታጥፎ አለልህ። ማኅተሙ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፤ በብርሃን እየው።

እናትህ ጭኮ ልከውልሃል፤ ቅቤው እንዳይፈስ ለአባቦራ ነግሬዋለሁ። ስለ ስብሰባው ያልነገርኳቸው ተስፋ እንዳልሰጣቸው ፈርቼ ነው፤ ነገር ግን የሰሙ ይመስለኛል፤ ትናንት ክፍልህን ሲያስጠርጉ ነበር። ገመቹም "ና በለው፣ የጥቅሉን ቁጥር እንዲያስተምረኝ" ብሎሃል።

ኦሬስቴ ለኤንሪኮ በጻፈው የመጨረሻ ደብዳቤ ላይ፣ "የተዋስኩትን ስም የምመልሰው ፊልሙ ሲያልቅ ነው" ይላል። እኔም፣ ደብዳቤ የምትልክለት ማን ናት ብለው ቢጠይቁት እህቱ ናት እንዲል አባቦራን ካስጠናሁት ሦስት ዓመት ሆነኝ። ያጠለቅክልኝ ቀለበት ስለከሳሁ ትንሽ ሰፋኝ እንጂ ከጣቴ አልወለቀም።

አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፤ ከድንጋጤ ይጠብቅህ፤ የእናትህን ደጅ በሰላም ያስረግጥህ። አባቦራ ሐሙስ ጠዋት ወደ ጅማ ይመለሳል፤ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ለዚህ ደብዳቤ ያህል፣
እህትህ